ስድስት ጊዜ የተዘጋ ጨዋታ ስንት ነጥብ ይገባዋል?

ጥያቄ፦ «የቪዲዮ ጨዋታ ግምገማ መጻፍ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። በቅርቡ 45 ሰዓት ያህል የፈጀ ጨዋታ ጨረስኩ። ታሪኩንም ውጊያውንም ወድጄዋለሁ። ሆኖም ስድስት ጊዜ በራሱ ተዘግቶብኛል፤ አንድ የጎን ተልእኮም (ከዋናው ታሪክ ውጭ ያለ ሥራ) ተቆልፎ አልቀጥል ስላለ ትቼው አለፍኩ። ከአጋማሹ በኋላ ደግሞ ሥራዬ ሁሉ የጠላት ሰፈር መያዝ ሆነ፤ ሰፈሮቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ከ9 ተነስቼ ለእያንዳንዱ መዘጋት ግማሽ ነጥብ፣ ለድግግሞሹ አንድ ነጥብ ስቀንስ 5 ቀረ። ጓደኛዬ ግን ‹እንከኑ በማሻሻያ ይስተካከላል፣ ድግግሞሽ የሌለበት ጨዋታ ደግሞ የለም፤ ሁለቱንም አትቁጠር› ይለኛል። ማናችን ነን ትክክል?»

መልስ፦ ሁለታችሁም ስታችኋል። የጓደኛዎ ምክር ስንፍና ነው፤ የእርስዎ ስሌት ደግሞ ሒሳብ የለበሰ ግምት ነው። ስሌቱን መልሰው ይመልከቱት። ስድስቱ መዘጋት ሦስት ነጥብ ወሰዱ፣ ሰፈሮቹ አንድ ወሰዱ፣ ከዘጠኝ አምስት ቀረ። ተልእኮው የት ገባ? ከነገሩኝ ችግሮች ሁሉ ከባዱ፣ ጨዋታው ራሱ ሊያስጨርስዎ ያልቻለው ክፍል፣ አንዲት ነጥብ እንኳን አላስቀነሰም። ረስተውት ብቻ አይመስለኝም። መዘጋት ይቆጠራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ጣት ማጠፍ ይቻላል። ገምጋሚ ደግሞ የሚቆጠር ነገር ሲያገኝ ልቡ ያርፋል፤ ማን ይከራከረዋል?

ከሙሉ ነጥብ ተነስቶ ጥፋት በተገኘ ቁጥር መቀነስ የፈተና ወረቀት ማረሚያ ዘዴ ነው። ለጨዋታ ሲውል ምንም ያልደፈረውን ይሸልማል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ፣ ሦስት ክፍል ያለው፣ አዲስ ነገር ያልሞከረ ጨዋታ የሚቀነስበት አይገኝም፤ አንድ ሙሉ ዓለም ሊያቆም የሞከረው ግን በየማዕዘኑ ይቀነስበታል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር የጨዋታውን ዋጋ ሳይሆን የጥፋቱን ብዛት ይናገራል።

ግምገማ ከመጻፌ በፊት ለዓመታት የምተዳደረው ጨዋታዎች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት እንከናቸውን በመልቀም ነበር። በዚያ ሥራ እያንዳንዱ እንከን ሁለት ምልክት ይለጠፍበታል፤ አንዱ ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ሌላው ምን ያህል በአስቸኳይ መጠገን እንዳለበት ይናገራል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከጨዋታው ስም አንድ ፊደል ቢገደፍ ጉዳቱ ቀላል ነው፣ ጥገናው ግን ዛሬውኑ መደረግ አለበት። ማንም በማይደርስበት ጥግ፣ ጆይስቲክ ሲነቀል ብቻ የሚዘጋ ጨዋታ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ሆኖ ጥገናው ሊቆይ ይችላል። ገምጋሚ ሦስተኛ ምልክት ያስፈልገዋል፦ እንከኑ ከተጫዋቹ ምን ወሰደ?

«አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ» በ2014 ሲወጣ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የፊታቸው ቆዳ ጠፍቶ ዓይንና ጥርሳቸው ብቻ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ገጸ ባሕርያት ምስል ዓለምን አዳረሰ። ዛሬም ስለ እንከን በተወራ ቁጥር የሚለጠፈው ያው ምስል ነው። ተጫዋቹን ያማረረው ግን ሕዝብ በሞላባቸው አደባባዮች ላይ የጨዋታው መንቀርፈፍና ድንገት መዘጋት ነበር። ፊት አልባ ሰው ፎቶ ይነሳል፤ መንቀርፈፍ ፎቶ አይነሳም። ገምጋሚዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለማሳየት የሚቀለውን እንከን ከሚጎዳው ያስበልጣሉ።

የራሴን ልንገርዎ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጨዋታ 31ኛው ሰዓት ላይ ነበርኩ። በማያ ገጹ ጥግ፣ ጨዋታው የደረስኩበትን እያስቀመጠ መሆኑን የምታሳየው ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች፤ አላቆመችም። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ፣ ተመለስኩ፣ አሁንም ትዞራለች። አጥፍቼ ሳበራው «ቀጥል» የሚለው ቃል ግራጫ ሆኖ፣ የማይነካ ሆኖ ጠበቀኝ። ከ31 ሰዓት ምንም አልተረፈም። በዚያ ጨዋታ ላይ የገጠመኝ እንከን ብዛቱ አንድ ነው፤ በእርስዎ ስሌት ግማሽ ነጥብ ያስቀንስ ነበር።

ስለዚህ ስለ ስድስቱ መዘጋት መጀመሪያ የምጠይቅዎ በእያንዳንዱ ጊዜ የት ላይ እንደተመለሱ ነው። በየሁለት ደቂቃው በራሱ የሚያስቀምጥ ጨዋታ ሲዘጋ የሚወስደው ዳግም የመክፈቻውን ጊዜና ትንሽ ትዕግሥት ነው። የማስቀመጫ ቦታዎቹ በአርባ ደቂቃ የሚራራቁ ጨዋታ ግን በአንድ መዘጋት አንድ ምሽት ይወስዳል። በግምገማዎ ላይ «ስድስት ጊዜ ተዘጋ» ብቻ ብለው ከጻፉ አንባቢ ምንም አላወቀም። «በ45 ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ ተዘግቶ በድምሩ አስር ደቂቃ አሳጣኝ» ካሉት ግን በራሱ ትዕግሥት ልክ ይፈርዳል። የትና መቼ እንደተዘጋም ይጻፉ። ስድስቱም በአንድ ከተማ ውስጥ ከሆኑ አንድ እንከን ነው ያለዎት፤ በስድስት ልዩ ልዩ ቦታዎች ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው።

አንዳንዱ እንከን ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚመጣው። «ስካይሪም» በ2011 ሲወጣ በፕሌይስቴሽን 3 ላይ የተቀመጠው ፋይል በተጫዋቹ ሰዓት ልክ እየከበደ ሄዶ ጨዋታውን እስከማንቀርፈፍ ይደርስ ነበር። ሃያ ሰዓት ተጫውቶ የፈረደ ገምጋሚ ላያየው ይችላል፤ ሰባ ሰዓት የቆየው ገዢ ግን ከነንዴቱ ያውቀዋል። ይህ ለእርስዎ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች መደብር ከ2015 ጀምሮ ገንዘብ የሚመልሰው በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ለተጫወተ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ገዢው ራሱ ሊፈትን ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን 43 ሰዓት ቀድሞ ሊያይለት የሚችለው ገምጋሚው ብቻ ነው። የመክፈቻውን ውበት በሦስት አንቀጽ አትቶ መጨረሻውን በአንድ መስመር የሚያልፍ ግምገማ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ስለ ፍጥነትም አንድ ነገር ልጨምር፤ አልጠየቁኝም፣ ግን መምጣቱ አይቀርም። በሰከንድ 60 ፍሬም ሲባል እያንዳንዱ ምስል በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ተሥሎ መድረስ አለበት ማለት ነው፤ በ30 ከሆነ 33.3 ሚሊ ሰከንድ አለው። አማካዩ ቁጥር ግን ይዋሻል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 3,599 ምስሎች በሰዓታቸው ደርሰው አንዱ ሩብ ሰከንድ ቢዘገይ አማካዩ ብዙም አይነቃነቅም፤ እጅ ግን ያንን አንዱን ነው የሚያውቀው። በኮምፒውተር ላይ ደግሞ ብዙ ጨዋታዎች አንድን የብርሃን ወይም የፍንዳታ ውጤት መጀመሪያ ሲያሳዩ ለግራፊክስ ካርዱ የሚሆነውን ትእዛዝ እዚያው ስለሚያዘጋጁ ለቅጽበት ይቆማሉ፤ ሁለተኛ ጊዜ በዚያው ቦታ ሲያልፉ ለስላሳ ነው። ያየሁትን ላረጋግጥ ብሎ የተመለሰ ገምጋሚ ሕልም ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ የተጫወቱበትን መሣሪያ፣ የጨዋታውን የስሪት ቁጥርና ቀኑን ሳይጽፉ ስለ ፍጥነት አንድ ቃል አይናገሩ። ፍጥነቱንም ጨዋታው ከሚጠይቀው ነገር ነጥለው አይፍረዱት። «ኦካሪና ኦፍ ታይም» በ1998 የሄደው በሰከንድ 20 ፍሬም ገደማ ነው፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ ስሙን በክብር ያነሳዋል። በቅጽበት መመከት የግድ በሆነበት የውጊያ ጨዋታ ላይ ያው 20 ፍሬም ሞት ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዎ። «በማሻሻያ ይስተካከላል» የሚለው ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው። «ባትማን፦ አርካም ናይት» የተባለው ጨዋታ የኮምፒውተር ቅጂው በሰኔ 2015 እንደወጣ ከሽያጭ ተነስቶ የተመለሰው በጥቅምት ነው። «ሳይበርፐንክ 2077» በዲሴምበር 2020 ሲወጣ ገምጋሚዎች አስቀድመው ያገኙት የኮምፒውተሩን ቅጂ ብቻ ነበር፤ ራሳቸው የቀረጹትን ምስል ማሳየትም አልተፈቀደላቸውም። በፕሌይስቴሽን 4 የገዛው ሰው የገጠመው ከተገመገመው ጋር የማይመሳሰል ነበር፤ የፕሌይስቴሽን አምራች ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አወጣው፣ የመለሰውም በሰኔ 2021 ነው። እርግጥ ነው፣ በ2023 ትልቁ ማሻሻያ ሲመጣ ጨዋታው ሌላ ሆኖ ተነሳ። በ2016 ባዶ ነው ተብሎ የተወቀሰው «ኖ ማንስ ስካይም» በነጻ ማሻሻያዎች ዓመታት ወስዶ ስሙን አድሷል። ጓደኛዎ እነዚህን ሁለቱን ይጠቅስልዎታል። በወጡበት ቀን ገንዘቡን የከፈለው ሰው ግን የ2023ቱን ጨዋታ አልገዛም።

ግምገማ ቀን ያለው ምስክርነት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ያዩትን እንጂ በሚቀጥለው ዓመት የሚሆነውን አይመሰክሩም። አምራቹ «በመውጫው ቀን የሚለቀቀው ማስተካከያ ይህን ሁሉ ይፈታል» ብሎ ዝርዝር ቢልክልዎ ዝርዝሩን ለአንባቢ ይጥቀሱለት፤ ነጥብ ግን በዝርዝር ላይ አይሰጥም። ማስተካከያው ደርሶ ከሞከሩት ያኔ ጽሑፍዎን ያድሱ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2013 «ሲምሲቲ» ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ሆኖ ሲመጣ ፖሊጎን የተባለው የጨዋታ ግምገማ ድረ ገጽ አስቀድሞ 9.5 ሰጥቶት ነበር። ሰርቨሮቹ በተጫዋች ብዛት ሲወድቁ ወደ 8፣ ቀጥሎ ወደ 4 አወረደው፤ ሲረጋጉ ወደ 6.5 መለሰው። በቅንነት የተደረገ ነው፤ ቢሆንም ነጥቡ የሰርቨር ሙቀት መለኪያ ሆነ። ሕዝብ ሲገባበት ብቻ የሚፈተን ነገር ካለ ሕዝብ እስኪገባ ነጥብ አይስጡ። ጽሑፉን ያውጡ፣ ቁጥሩን ያቆዩ። በዚህ የሚሞት ሰው የለም።

እንከን ሁሉ ጥፋት እንዳይመስልዎ ደግሞ ይህን ይጨምሩ። በ1978ቱ «ስፔስ ኢንቬደርስ» ጠላቶቹ ቁጥራቸው ሲመነምን እየፈጠኑ የሚመጡት መሣሪያው ጥቂት ምስል ሲሥል ስለሚቀለው ነበር፤ የአቅም ማነሱ የጨዋታው ልብ ምት ሆነ። በ«ስትሪት ፋይተር 2» አንዱን ምት በሌላው ላይ ማያያዝ መቻሉ የታሰበ አልነበረም፤ አዘጋጆቹ አይተው ተዉት፤ ዛሬ ያለዚያ የውጊያ ጨዋታ የሚባል ነገር ማሰብ ያስቸግራል። የ«ፓክ ማን» 256ኛ ደረጃ ቆጣሪው ከ255 በላይ መያዝ ስለማይችል ግማሽ ማያ ገጹ በፊደልና በምልክት ይሞላል፤ የማይጨረስ ደረጃ ነው፤ ማን ነጥብ ቀነሰለት? በሌላው ጫፍ በ2003 የወጣው የጭነት መኪና ውድድር «ቢግ ሪግስ» አለ። ተፎካካሪው መኪና አይነቃነቅም፣ ሕንጻና ድልድይ እንደ ጥላ ይታለፋሉ፣ ወደኋላ የሚሄድ መኪና ያለገደብ ይፈጥናል። እዚያ ላይ ምን ይመዘናል? በመካከል ደግሞ «ዴድሊ ፕሪሞኒሽን» ተቀምጧል፤ በ2010 ሲወጣ ከአስር ሁለት የሰጠውም አስር የሰጠውም ገምጋሚ ነበር። መኪናው እንደ ድንጋይ ይነዳል፣ ምስሉ አርጅቶ የተወለደ ነው፣ ታሪኩ ግን ሌላ የትም አይገኝም። ሁለቱንም ፍርድ አነባለሁ፤ ያንን ሸካራነት ማን እንደሚችለውና ማን እንደማይችለው በጽሑፉ ውስጥ እስከነገሩኝ ድረስ።

ድግግሞሽ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ ስለሚከብድም ነው ገምጋሚዎች «ትንሽ ይደጋግማል» ብለው የሚያልፉት። መጀመሪያ ቃሉን ከስድብነት እናውጣው። ከ1984 ጀምሮ የሚጫወቱት «ቴትሪስ» ሰባት ቅርጽ ብቻ ነው ያለው፤ ከሰባቱ ውጭ ምንም አይወርድም። ጨዋታ ማለት መደጋገም ነው፤ እጅ የሚሠለጥነው በመደጋገም ነው። እንግዲያው የሚጠየቀው ስንት ጊዜ ተደገመ ሳይሆን ሲደገም እርስዎ የሚወስኑት ነገር ተለወጠ ወይ የሚለው ነው። ያው ቅርጽ ሲወርድ ከታች ያለው ክምር ሌላ ነው፤ ውሳኔውም ሌላ ነው።

ሰፈሮችዎን በዚህ ሚዛን ያስቀምጧቸው። የእርስዎን ጨዋታ አላውቀውም፤ እንደዚህ ዓይነቱን ሰፈር ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ኮረብታ ላይ ተንበርክከው ይመለከታሉ፤ በማማው ላይ ቀስተኛ አለ፣ ከደወሉ አጠገብ ዘበኛ ቆሟል፣ ድንኳኑ ውስጥ አለቃው፣ ከአለቃው ኋላ ሣጥን። ቀስተኛውን ከሩቅ ይጥሉታል፣ ደወሉን ይቆርጣሉ፣ በቁጥቋጦ ውስጥ ሆነው ያፏጫሉ፣ ዘበኛው «ማነው?» እያለ ይመጣል። በመጀመሪያው ሰፈር ልብ ይመታል። በአራተኛው እጅ ይረቅቃል፤ ይህ የድግግሞሽ ወርቃማው ጊዜ ነው። በአስራ አንደኛው ግን ዘበኛው ገና «ማነው?» ሳይል ጣትዎ የሚቀጥለውን ቁልፍ ተጭኗል። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ከመግባቴ በፊት ምን እንደማደርግ በወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ከወጣሁ በኋላ የጻፍኩትና የሆነው ቃል በቃል አንድ ከሆነ ጨዋታው ምንም አልጠየቀኝም። ይህ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከሆነ ድግግሞሹ እንደሞተ ቆጥሬ ሰዓቱን እመዘግባለሁ። «ከ24ኛው ሰዓት ጀምሮ» ብሎ መጻፍና «ይደጋግማል» ብሎ መጻፍ የተለያዩ ናቸው።

የሚደገመው ምን እንደሆነም ይለዩ። በ2007 የመጀመሪያው «አሳሲንስ ክሪድ» የተወቀሰው በመላላክ ነው፤ ከእያንዳንዱ ግድያ በፊት ያው መሰለል፣ ያው ኪስ ማውለቅ፣ ያው ማስፈራራት። የ2011ዱ «ድራጎን ኤጅ 2» ደግሞ በቦታ ነበር የተወቀሰው፤ ያው ዋሻ አንዱ በሩ ተዘግቶ ሌላው ተከፍቶ ሌላ ዋሻ ተብሎ ይቀርባል። የቦታ መደጋገም የዓይን ድካም ነው፤ ታሪኩና ውይይቱ ጠንካራ ከሆነ ብዙ ሰው ይታገሠዋል። የመላላክ መደጋገም ግን ተጫዋቹን የሥራ ዝርዝር አስፈጻሚ ያደርገዋል። በ2020 የተጠናቀቀው «ሄዲስ» በተቃራኒው ሞትን ራሱን ደጋግሞ፣ በሞቱ ቁጥር አዲስ ንግግር አዘጋጅቶ ይቀበልዎታል፤ መመለሱ ደመወዝ አለው። ዓሣ እንደ ማጥመድ፣ ችግኝ እንደ ማጠጣት ያለ ምንም የማይጠይቅ፣ እጅን ብቻ የሚያሳርፍ ድግግሞሽም አለ። እሱን በውሳኔ ሚዛን አይመዝኑት፤ ዕረፍት ሊሰጥ መጥቶ ዕረፍት ከሰጠ ሥራውን ሠርቷል።

ሌላው ልዩነት ግዴታና ፈቃድ ነው። በ2017ቱ የዜልዳ ጨዋታ 900 የተደበቁ የዛፍ መናፍስት አሉ። ሁሉንም ለሰበሰበ ሰው የሚሰጠው ሽልማት የዓይነ ምድር ቅርጽ ያለው ወርቃማ ነገር ነው፤ አዘጋጆቹ «ማን ሰብስብ አለህ?» እያሉ እየሳቁበት ይመስለኛል። ዘጠኝ መቶውን ለቅሞ «ይደጋግማል» የሚል ገምጋሚ ክሱን በራሱ ላይ ነው ያቀረበው። «ኤልደን ሪንግም» በየዋሻው ያሉትን ታላላቅ ጠላቶች ደጋግሞ ያቀርባል፤ አብዛኞቹን ዋሻዎች ሳይገቡ ማለፍ ግን ይቻላል። ይሁን እንጂ «ግዴታ አይደለም» የሚለው መከላከያ የሚሠራው እውነት ሲሆን ብቻ ነው። ዋናው ታሪክ 30ኛ ደረጃ እየጠየቀ እርስዎ 26 ላይ ከሆኑ፣ አራቱም ደረጃዎች የሚገኙት ከሰፈር ከሆነ፣ ያ ሰፈር በስም ፈቃድ በተግባር ግዴታ ነው።

አሁን ስለራስዎ። 45ቱን ሰዓት በስንት ቀን ጨረሱት? ገምጋሚ አብዛኛውን ጊዜ ቅጂ የሚደርሰው ከመውጫው ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት በአምስት ቀን ይዘልቀዋል። በምሽት አንድ ሰዓት የሚጫወት ሰው ሰባተኛውን ሰፈር የሚያገኘው ከስድስተኛው በሌላ ቀን ነው፤ እርስዎ ሁለቱን ያገኟቸው በአንድ ቁጭታ ነው። ያማረረዎ ጨዋታው ይሁን የማድረሻው ቀን ለይተው ማወቅ አለብዎት። ሁለት ቀን ትተውት ይመለሱና አንድ ሰፈር ብቻ ይያዙ። አሁንም ጣትዎ ከዓይንዎ ከቀደመ ክሱ ይጸናል። ይህን ማድረጊያ ጊዜ ከሌለዎት ፍጥነትዎን ለአንባቢ ይንገሩት።

እንከንና ድግግሞሽ ሲገናኙ ደግሞ ይባዛሉ፤ ለየብቻ የሚቀንስ ሰው ይህን ፈጽሞ አያየውም። ሰላሳ ሰከንድ የሚፈጅ የመጫኛ ገጽ በራሱ ኢምንት ነው። መቶ ጊዜ በሚሞቱበት ጨዋታ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ጥቁር ማያ ገጽ ነው። «ብለድቦርን» በ2015 ሲወጣ ከሞት በኋላ ያለው ጥበቃ ያማረረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በኋላ በማሻሻያ አሳጥረውታል። በእርስዎም ጨዋታ ሰፈር በተያዘ ቁጥር አንዲት ትንሽ እንከን፣ ለምሳሌ ሣጥኑ በሁለተኛው ሙከራ ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ በሁለተኛው ሰፈር ያስቃል፣ በሃያኛው ያስጮሃል።

ነጥቡን ቀላል አድርገው እንዳይወስዱትም አንድ ነገር ልንገርዎ። በ2010 የወጣው «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» በእንከን የተሞላ ነበር። የገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካዩን በሚያወጣው ሜታክሪቲክ በተባለ ድረ ገጽ ላይ ያገኘው አማካይ 84 ሆነ፤ ሠሪዎቹ ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኙት 85 ከደረሰ ብቻ እንደነበር ከአዘጋጆቹ አንዱ በኋላ በይፋ ተናግሯል። ይህን የነገርኩዎ እጅዎ እንዲለሰልስ አይደለም። ለሠሪው ደመወዝ ብሎ ከፋዩን አንባቢ መሸንገል ሌላ በደል ነው። ግማሽ ነጥብን በጣት ቆጥሮ መቁረጥ ግን አይሆንም፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከኋላው ሊያስረዱት የሚችሉት ዓረፍተ ነገር ይኑረው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ጨዋታው በተሠራበት ልክ ሲሄድ ምን እንደሚያስገኝ መጀመሪያ ይጻፉ፤ ቁጥር አያስቡ። ቀጥለው እንከኑን ለብቻው በአንድ አንቀጽ ከመሣሪያውና ከስሪቱ ጋር ያስቀምጡ፣ የወሰደብዎትን በደቂቃ ይናገሩ። የተቀመጠ ፋይል የሚያጠፋ ወይም ዋናውን ታሪክ ያለ መውጫ የሚዘጋ እንከን በእጅዎ ከገጠመዎ፣ ሌላው ምንም ያህል ቢያምር ከአስር ከአምስት በላይ አይስጡ፤ እኔ በዚህ አልደራደርም። ከዚያ በታች ያለው እንከን ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ነጥብ በላይ ሊወስድ የሚገባው በየሰዓቱ የሚያገኙት ከሆነ ብቻ ነው። ድግግሞሹ ግን የበለጠ ይከብዳል፤ በግዴታ ከሆነና ግማሹን ጨዋታ ከያዘ ሁለት ነጥብ ቢወስድ አይበዛበትም። ምክንያቱም ፕሮግራመር መዘጋትን በሦስት ሳምንት ሊጠግነው ይችላል፤ አንድ ዓይነት የሆኑ ሃያ ሰፈሮችን ግን ማንም ተመልሶ አይገነባቸውም። ገምጋሚዎች በአብዛኛው ተገላቢጦሹን ያደርጋሉ፤ የሚጠገነውን አጥብቀው ቀጥተው የማይጠገነውን ይምራሉ። በነገሩኝ ብቻ ልፍረድ ካልኩ፣ ከ9ዎ ተነስቼ፣ መዘጋቱ ጥቂት ደቂቃ ያሳጣ ከሆነ ግማሽ ነጥብ ለስድስቱም በአንድነት፣ ለሰፈሮቹ አንድ ከግማሽ፣ ስለዚህ 7 ላይ እቆማለሁ።

የተቆለፈው ተልእኮ ግን ገና አልተፈረደበትም፤ ማስረጃው አልተሟላም። ጽሑፉን ከማውጣትዎ በፊት ከተልእኮው በፊት የተቀመጠ ፋይል ካለዎት አሁን ባለው ስሪት ከፍተው እንደገና ይጀምሩት። ከተፈታ እንዴት እንደተፈታ በሁለት መስመር ይጻፉ፤ ለአንባቢ ከነጥቡ ይልቅ ያ ይጠቅመዋል። ዳግም ከተቆለፈ ያንን ይዘው ሌላ የጎን ተልእኮ ላይ ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ይመልከቱ፤ ካለ 7ቱን ወደ 6 ያውርዱትና ጉዳዩን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያስቀምጡት።